አፉን የዘጋው ዓሣ

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የትዳር ጓደኛችሁ የማያውቁት ደረሰኝ በኪሳችሁ ኖሮ ያውቃል? በእኔ ኪስ ነበረ። የመጠጥ ቤት ሒሳብ ወይም ለሌላ ሴት የተገዛ ስጦታ እንዳይመስላችሁ። የዓሣ ደረሰኝ ነው። አትሳቁ! ያ ደረሰኝ ባለቤቴን ለሦስት ሳምንት ዝም አሰኝቷታል፤ እሷ ዝም ስትል ደግሞ ቤቱ በሙሉ ዝም እንደሚል ባለትዳሮች ታውቁታላችሁ።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. ነው። የምንኖረው እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። እኔ ከኤርፖርት ታክሲ እነዳለሁ፤ ባለቤቴ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። በዚያን ጊዜ ልጃችን ሰባት ዓመቷ ነበር። በ2003 የወጣውን የኒሞን የካርቱን ፊልም ደጋግማ አይታ ጨርሳው ስለነበር፣ «አባዬ፣ የእውነቱን ዓሣ ግዛልኝ» ትለኝ ጀመር። ለልጄ ስል ነው ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ባለኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ዓሣ መሸጫው ሱቅ ገብቼ ያንን ሰማያዊ ብርሃን ካየሁ በኋላ የፈለግሁት እኔው ነኝ። ሌሊትና ቀን መንገድ ላይ የሚውል ሰው በቤቱ አንድ የሚያርፍበት ነገር ያምረዋል።

200 ሊትር ገደማ የሚይዝ የመስታወት ገንዳ፣ መብራት፣ ማጣሪያ፣ ማሞቂያ፣ የባሕር ጨው፣ በመጨረሻም ስድስት ዓሣ ገዛሁ። ጠቅላላው 1,740 ዶላር ሲሆን የተከፈለው በክሬዲት ካርድ ነው። ለባለቤቴ ግን «ወደ አገር ቤት የሚመለስ ልጅ ትቶልኝ ነው» አልኳት። እንዲህ ያለ ውሸት ለመዋሸት ጊዜ አይፈጅም።

ዓሣዎቹን ግን ብታዩአቸው! ባንጋይ ካርዲናል ይባላሉ። ርዝመታቸው ከ8 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ብርማ ገላቸው ላይ ሦስት ጥቁር መስመር ከላይ እስከ ታች ይወርዳል፤ ክንፋቸው ረጃጅም ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ተረጭቶበታል። እንደ ሌላው ዓሣ አይጣደፉም። ለሥዕል የተዘጋጁ ይመስል አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ልጄም እኔም በየማታው ወንበር ስበን እንቀመጥ ነበር።

በአራተኛው ቀን አንዱ መብላት አቆመ። ቀለሙ ጠቆረ፣ ወደ ጥግ ሄደ፣ በማግስቱ ሞተ። ከዚያም ሁለተኛው፣ ሦስተኛው... በ19 ቀን ውስጥ ስድስቱም አለቁ። ልጄ እንዳታይ ሌሊት እያወጣሁ እጥላቸው ነበር። ባዶውን ገንዳ ግን ማጥፋት አልሆነልኝም፤ መብራቱ እንደ በራ ውኃው ብቻ ይዞራል። ደረሰኙ የተገኘው በዚያው ሰሞን ነው፤ ባለቤቴ የክረምት ካፖርቴን ልታሳጥብ ኪሱን ስትፈትሽ።

ስለ ሦስቱ ሳምንት አልጽፍላችሁም፤ ባለትዳሮች በየቤታችሁ ሙሉት። ዝምታው የተሰበረበትን ቀን ግን ልንገራችሁ። ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ውሸቱ የሚገባኝን ሁሉ ከተናገረች በኋላ ዞር ብላ ወደ ባዶው ገንዳ እያየች፣ «እና ይህን ዓሣ ያጠመደው ሰውዬ ስንት ደረሰው?» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከእሷ እንጂ ከሌላ አይመጣም። ባለቤቴ የሐዋሳ ልጅ ናት። አባቷ፣ አማቴ፣ በሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ አሞራ ገደል ባለው ገበያ ቆሮሶና አምባዛ እያቀረቡ ነው ስድስት ልጆች ያሳደጉት። የመረቡ ዐይን ከዓመት ዓመት እየጠበበ ሲሄድ፣ ገና እንቁላል ያልጣለችው ትንሿ ቆሮሶ ሁሉ እየተጎተተች ስትወጣ አይታለች። «አባባ የሚሸጠውና ሆቴል ቤት የሚበላው ዋጋው አይገናኝም ነበር» ትላለች ሁልጊዜ። እኔ የዓሣዬን ዋጋ እስከ ሳንቲሙ አውቃለሁ፤ ከየት ባሕር እንደ መጣ ግን ጠይቄ አላውቅም። አፈርኩ። ከዚያም ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ማንበብ ጀመርኩ።

ያነበብኩትን እነሆ። በየቤቱ ገንዳ ውስጥ የምናየው የወንዝና የሐይቅ ዓሣ አብዛኛው በእርባታ የተገኘ ነው፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የባሕሩ ግን ተቃራኒ ነው፤ አብዛኛው ዓይነት በቀጥታ ከኮራል መካከል የሚለቀም ነው። ኮራል ስላችሁ ድንጋይ እንዳይመስላችሁ፤ ጥቃቅን እንስሳት በሺህ ዓመታት የሠሩት የባሕር ውስጥ ከተማ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ዓሣውን ለማደንዘዝ ሲያናይድ የተባለውን መርዝ ወደ ኮራሉ ስንጥቅ የሚረጩ አጥማጆች ነበሩ። ዓሣው ደንዝዞ ይያዛል፤ የተረጨበት ኮራል ግን ይሞታል። ብዙ ዓሣም ገዢው ቤት ሳይደርስ ያልቃል።

እርባታው ለምን አልተስፋፋም ትሉ ይሆናል። አብዛኛው የባሕር ዓሣ እንቁላሉን ውኃ ላይ በትኖ ይሄዳል። የሚፈለፈለው ጫጩት ከዐይን ሽፋሽፍት የቀጠነ፣ ለሳምንታት በማዕበል የሚንሳፈፍ ነው፤ የሚበላውም ከእርሱ ያነሰ፣ በማጉያ እንጂ በዐይን የማይለይ ነገር ነው። ያንን ምግብ በየሰዓቱ ማቅረብ ሊቃውንቱን ለዓመታት አድክሟል። ኒሞ፣ ማለትም ክላውን ዓሣ፣ እንቁላሉን ድንጋይ ላይ ለጥፎ ስለሚጠብቅ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለገበያ ሲራባ ኖሯል። ቢጫው ታንግ የተባለው የሃዋይ ዓሣ ግን በሰው እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያደገው በ2015 ነው፤ እዚያው ሃዋይ የሚገኙ ተመራማሪዎች ለዓመታት ከለፉ በኋላ። በ2016 ደግሞ ፍሎሪዳ ውስጥ ሰማያዊው ታንግ ተከተለ። ሁለተኛውን የካርቱን ፊልም ያያችሁ ዶሪን ታውቋታላችሁ፤ እሷ ናት።

እኔ የገደልኩት ባንጋይ ካርዲናል ታሪኩ ከሁሉም የተለየ ሆኖ አገኘሁት። በዓለም ላይ የተፈጥሮ መኖሪያው አንድ ነው፤ በኢንዶኔዥያ፣ ከሱላዌሲ በስተ ምሥራቅ ያሉት የባንጋይ ደሴቶች። ዋልተር ካውደርን የተባለ ስዊድናዊ በ1920 ሰብስቦት፣ በ1933 ስም ወጣለት። ከዚያ ተረስቶ ቀረ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጄራልድ አለን የተባለ የዓሣ ተመራማሪ ስለ እርሱ ሲጽፍ ዓለም ሁሉ ገንዘቡን ይዞ መጣ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዓመት ከ700,000 እስከ 900,000 ድረስ ይያዝ እንደ ነበር ተመራማሪዎች ገምተዋል። ከዓመታት በኋላ በባሕሩ የቀረው ሁሉ ሲገመት ደግሞ 2.4 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2007 ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ መዘገበው።

ለዚህ ዓሣ መርዝ እንኳ አያስፈልግም። ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ በባሕር ጃርት እሾህ መካከል ተሸሽጎ ስለሚኖር በእጅ መረብ ይታፈሳል። የሚፈጀው ጉዞው ነው። ከደሴት ወደ ደሴት፣ ከዚያ ወደ ከተማ፣ ከዚያ በአውሮፕላን፣ በላስቲክ ከረጢት ታስሮ። በንግዱ ውስጥ አንድ ቫይረስ እንደሚጨርሳቸውም በ2009 ተጽፏል። የእኔዎቹ የጠቆሩት በዚያ ይሁን በእኔ አላዋቂነት አልመረመርኩም። የአጥማጁን ድርሻም አገኘሁ፤ ባለቤቴ እንደ ጠረጠረችው ለአንዱ ዓሣ ጥቂት ሳንቲም ነው። ስነግራት ራሷን ነቅንቃ ወደ ሥራ ሄደች።

ከዚያ አንድ ማታ ከኤርፖርት አንድ ሽማግሌ ጫንኩ። ነጭ የፎም ሣጥን እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል፤ ሻንጣቸውን ከኋላ፣ ሣጥኑን ግን አልሰጥም አሉ። «ዓሣ ነው?» አልኳቸው። ዘወር ብለው አዩኝ። ቬትናማዊ ናቸው፣ ጡረታ ወጥተው በቤታቸው ምድር ቤት የባሕር ዓሣ ያረባሉ። ስለ ስድስቱ ስነግራቸው አልተቆጡም። «አየህ፣ አንተ የገደልከው ዓሣ ከባሕር ዓሣ ሁሉ ለማርባት የሚቀለው ነው» አሉኝ። ደጃፋቸው ስንደርስ የታክሲውን ሒሳብ ከፍለው፣ «ሚስትህ ከፈቀደች ናና ጥንድ እሰጥሃለሁ» አሉ። ሚስቴን በምን አወቋት? ያደረግሁት ሁሉ ፊቴ ላይ ተጽፎ ይሆናል።

ባለቤቴ ፈቀደች፤ ግን በሁለት ቅድመ ሁኔታ። አንደኛው፣ ከባሕር የተያዘ ምንም ነገር ወደዚህ ቤት አይገባም። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ሳንቲም ማቀዝቀዣው ላይ በተንጠለጠለው ደብተር ይጻፋል። የመጀመሪያው መስመር የ1,740ው ዕዳ ነው፤ በራሴ እጅ ጻፍኩት።

ጥንዶቹ ከመጡ አምስት ሳምንት ገደማ ሆኗቸዋል። ባለቤቴ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሥራ ገብታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ገንዳው ፊት ቆመች። «ና እስቲ፣ ይኼ ዓሣ ታሟል። አገጩ አብጧል» አለች። ስድስቱ ትዝ አሉኝና ሆዴ ቡጭ አለ። ምግብ ብንጥልለት አይቀምስም፤ ምግቡ አፍንጫው ስር ሲያልፍ ዐይኑን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ለሽማግሌው ደወልኩ። በስልክ ሳቁ። «አልታመመም፤ አባት ሆኗል» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴቷ እንቁላሏን ስትጥል ወንዱ ተቀብሎ በአፉ ውስጥ ይይዘዋል። ሃያ ቀን ያህል እስኪፈለፈል፣ ከተፈለፈለም በኋላ ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ ሌላ አሥር ቀን ገደማ አፉን ዘግቶ ይቆያል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አይበላም። ሲለቃቸው እንደ ሌላው የባሕር ዓሣ ተንሳፋፊ ሽፋሽፍት አይደሉም፤ መስመራቸው ሳይቀር ተሥሎ ያለቀ፣ የጥፍር ጫፍ የሚያክሉ ሙሉ ዓሣዎች ናቸው። እዚያው እናታቸው የኖረችበት የባሕር ጃርት መካከል ይገባሉ እንጂ ማዕበል ወደ ሌላ ደሴት አይወስዳቸውም። በእርባታ የቀለለውም፣ በባሕር የተጎዳውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንዱ የባሕር ዳርቻ ታፍሶ ካለቀ ከጎረቤት ደሴት የሚመጣ ተተኪ የለም።

ባለቤቴ ቀኑን በቤተ ክርስቲያን ካላንደራችን ላይ በቀይ እስክሪብቶ ታሰምር ጀመር። የቤት ኅብረታችን ሰዎች አይተው የጾም ጸሎት የያዝን መስሏቸው ነበር! እኔ ማታ፣ እሷ ጠዋት እናየዋለን። እየከሳ ሄደ። ከሁሉም የገረመኝ፣ ሁለታችን በአንድ ጉዳይ ላይ በየቀኑ ማውራት መጀመራችን ነው፤ ደህና አደረ? አፉን ከፈተ? ሴቷ ነካችው?

በ27ኛው ቀን 31 ጫጩት ለቀቀ። ወላጆቹ የገዛ ልጆቻቸውን ስለሚበሉ ለይተን አስቀመጥናቸው። ልጃችን ከጥቁር የፕላስቲክ ማሰሪያ የባሕር ጃርት ሠራችላቸው፤ ወዲያው እሾሁ መካከል ገብተው ተደበቁ። ምግባቸው አርቴሚያ የምትባል የጨው ውኃ ትንኝ መሳይ ነች። ደረቅ እንቁላሏን በለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ጨው ውኃ ላይ ጨምሮ አየር ሲነፋበት በአንድ ቀን ይፈለፈላል። ጠርሙሱ ከቡና ጀበናው አጠገብ ተተከለ። ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ እኔ ብሆን እል ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ሌሊት ለውኃ ተነሥቼ መብራት ድንገት አበራሁ። ጫጩቶቹ እንደ ተመቱ ሁሉ ተገለባበጡ። አብዛኞቹ ዐይኔ እያየ ሞቱ፤ የቀሩት ደግሞ እስከ ጠዋት አልቆዩም። ሽማግሌው እንዳስረዱኝ ጥፋቱ የመብራቱ ብቻ አይደለም። አርቴሚያ ብቻዋን የባሕር ዓሣ የሚያስፈልገውን የቅባት ዓይነት አትሰጥም፤ ለጫጩቶቹ ከመቅረቧ በፊት እሷ ራሷ ያንን መመገብ አለባት። ይህ የጎደላቸው ጫጩቶች ትንሽ ድንጋጤ ይገድላቸዋል። የቅባቱ ብልቃጥ 14 ዶላር ነበር። የደብተሩን ዕዳ ላለማብዛት ብዬ ሳልገዛው የተውኩት እኔ ነኝ። ለባለቤቴ ይህን በዚያው ጠዋት፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ነገርኳት። ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? «14ቱን ጻፍና ሂድ ግዛ።»

ሁለተኛው ጊዜ 38 ተለቀቁ፤ 29ኙ አደጉ። ሽማግሌው አሥሩን ወሰዱ፤ የቀሩትን ለሚያረቡ ሰዎችና ያንን የመጀመሪያ ስድስት ለሸጠልኝ ሱቅ አከፋፈልን። የሱቁ ሰው ከባሕር ከሚመጡት ይልቅ የእኛዎቹ አለመሞታቸውን ካየ በኋላ «ሌላ አላችሁ ወይ?» እያለ ይደውል ነበር። ያንን ዕዳ ዓሣዎቹ ከፈሉት ብዬ አልዋሽም፤ የከፈለው ታክሲው ነው። ዓሣዎቹ የጨዋቸውን ዋጋ ከፍለው ይሆናል።

ውድ አንባብያን፣ እዚህ ላይ «እንግዲያው ችግሩ ተፈታ» ብዬ ልጨርስ ስል ባለቤቴ ጽሑፉን አንብባ፣ «ሰውዬውስ?» አለችኝ። ልክ ናት። በ2013 ብቻ ታይላንድ ካለ ትልቅ እርባታ 120,000 ያህል ባንጋይ ካርዲናል ወደ አሜሪካ ገብቷል። ለዓሣው እሰየው ነው። በ2016 የአሜሪካ መንግሥት ስጋት ላይ ካሉት ዝርዝር ሲያስገባውም የተቀበለ ሁሉ ደስ ይበለው። ነገር ግን እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ነጋዴውም ታይላንድ ውስጥ ስናረባ፣ የባንጋዩ አጥማጅ ያቺኑ ጥቂት ሳንቲም አጣ። ባሕሩ ምንም ካላስገኘለት የሚጠብቀውስ ለምንድነው? የባሕር ጃርቱ እኮ ለሰውም ለዓሣም ምግብ ተብሎ እየተለቀመ ነው፤ በፈንጂ ዓሣ የሚያወጣም አለ፤ ኮራሉን የሚያነጣው የባሕር ሙቀት ደግሞ ከእኔ ገንዳ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። መጠለያው ከጠፋ የእኔ 29 ምን ያደርጉለታል?

የኢንዶኔዥያ መንግሥት በ2018 ዓሣውን በከፊል ጥበቃ ሥር አድርጎ፣ በዓመቱ ውስጥ በተወሰኑ ወራት በደሴቶቹ እንዳይያዝ ደንግጓል። በቀረው ጊዜ አጥማጁ ሊሠራ ይችላል። ባለቤቴ ከሰማችው ሁሉ የወደደችው ይህንን ነው። «አባባም የሚለው ይኼንን ነበር፤ ዓሣዋ የምትወልድበትን ወር ተዉላት፣ ከዚያ ሁላችንም እንበላለን» አለች። አማቴ በሐይቁ ላይ ይህ ሲሆን ሳያዩ አርፈዋል። እኔ የማርባቱን ነገር እደግፋለሁ፤ ከባሕር የተያዘ ዳግመኛ አልገዛም። እሷ ግን በእርባታው ብቻ አትረካም፤ በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ እራት ላይ እንከራከርበታለን።

ልጃችን አድጋ ኮሌጅ ገባች፤ ዓሣውን ለእኛ ትታልን ሄደች። አሁን ያሉት የዚያ ጥንድ የልጅ ልጆች ናቸው። ትናንት ኤርፖርት ተራ ይዤ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ናት። «ዘጋ» አለች። ስለ የትኛው እንደምትናገር መጠየቅ አላስፈለገኝም። ቀኑን ማስላት ስጀምር የአርቴሚያው እንቁላል ማለቁ ትዝ አለኝ። ስመለስ እገዛለሁ አልኳት።

«ደረሰኙን አምጣ» አለችኝ።